ምልክቱ አንድ ሲሆን፦ በፓርቲ ፕራይመሪ ዕጩ ስለ መምረጥ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሏል። «ዓ.ም.» ከተባለው በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የእሁድ ከሰዓት ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለ ምርጫ ለመስማት መምጣታችሁ ያስደስተኛል። ሌሊቱን ሥራ አድራችሁ ሳትተኙ የመጣችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጋባዦቼ የሰጡኝ ርእስ አጭር ነው፦ በፓርቲ ፕራይመሪ ላይ የምንደግፈውን ዕጩ እንዴት እንምረጥ? ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። እገሌን ምረጡ ልላችሁ አልመጣሁም፤ ዴሞክራት ሁኑ ወይም ሪፐብሊካን ሁኑም አልልም። የምንነጋገረው ስለ አመዛዘን ነው። በመጀመሪያ ፕራይመሪ በእኛ ሰፈር ከኖቬምበሩ ምርጫ ይልቅ ለምን እንደሚወስን አሳያለሁ። ቀጥዬ ዕጩ በምን እንደሚመዘን፣ በተለይም «የእኛ ሰው» ስለምንለው ነገር እናገራለሁ። በመጨረሻ «ግን ያሸንፋል ወይ?» ወደሚለው ስሌት እገባለሁ።

ብዙዎቻችን ምርጫን የለመድነው በምልክት ነው። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ምርጫ የገዥው ፓርቲ ምልክት ንብ ነበር፣ የተቃዋሚው የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት። አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች ለቅንጅት ስትሰጥ በየወረዳችን የተወዳደረው ሰው ስሙ ማን፣ ሙያው ምን እንደነበር ዛሬ ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንደምንመልስ እንጃ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጥያቄው መንግሥት ይቀጥል ወይስ ይለወጥ የሚል ስለነበር ምልክቱ ብቻውን በቂ መልስ ነበር። ዕጩውን የመደበው ፓርቲው ነው፤ ስሙ በተወሰነበት ክፍል ውስጥ መራጩ አልነበረም። ፕራይመሪ የሚባለው ደግሞ መራጩ ራሱ እዚያ ክፍል የሚገባበት ቀን ነው።

ችግሩ ከገባ በኋላ ይመጣል። ኖቬምበር ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ዴሞክራት» ወይም «ሪፐብሊካን» የሚል ተጽፏል፤ ስለ ሰውየው ምንም ባታውቁ እንኳ ያ ቃል ግማሹን ይነግራችኋል። በፕራይመሪ ቀን ግን ወረቀቱ ላይ ያሉት ሁሉ ያንኑ ቃል ይዘው ነው የሚቀርቡት። ሁሉም ለትምህርት ቤት እቆማለሁ ይላል፣ ሁሉም ለሠራተኛው ያስባል፣ ሁሉም ስደተኛን ያከብራል። ታዲያ ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው ወይ? ነው። ሩቅ ሳንሄድ በጁላይ 2023 የሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ ለድምፅ አቀረበ። ሕጉ የዓመቱ ጭማሪ ከዋጋ ንረቱ በ3 ከመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢበዛ ቢበዛ ደግሞ ከ6 ከመቶ እንዳያልፍ ይላል። 11ዱም የምክር ቤት አባላት ዴሞክራቶች ነበሩ። ውጤቱ ግን 7 ለ4 ሆነ። የአፓርታማ ውላችሁ ሲያልቅ በበሩ ሥር ገብቶ የምታገኙት የማደሻ ደብዳቤ ላይ ያለውን ቁጥር የወሰነው የዴሞክራትና የሪፐብሊካን ክርክር ሳይሆን አንዱ ዴሞክራት ከሌላው ዴሞክራት ጋር የነበረው ክርክር ነው። እነዚያን 11 ሰዎች በዕጩነት ያሳለፈው ደግሞ ከዓመት በፊት፣ በጁላይ 2022፣ የተደረገው ፕራይመሪ ነው።

የፕራይመሪን ዋጋ ከማንም በላይ ያወቁት፣ በሩን በሌላው ላይ ለመዝጋት የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ፕራይመሪ በሕግ የመጣው የፓርቲ አለቆች በጓዳ ተስማምተው ዕጩ መሰየማቸው ስላስመረረ ነው። ዊስኮንሲን በአገረ ገዥዋ በሮበርት ላ ፎሌት ገፋፊነት በ1903 ሕጉን አወጣች፤ በማግስቱ ዓመትም ሕዝቡ በድምፁ አጸደቀው። ሐሳቡ ወደ ደቡብ ሲወርድ ግን መልኩ ተለወጠ። በደቡብ የሚያሸንፍ ፓርቲ አንድ ብቻ፣ ዴሞክራቲክ ፓርቲ፣ ስለነበር ፕራይመሪውን ያሸነፈ ሰው ኖቬምበር ላይ ያለ ጥርጥር ይሾማል። ስለዚህ በቴክሳስ ፓርቲው «የግል ማኅበር ነኝ» ብሎ በፕራይመሪው ነጮች ብቻ እንዲመርጡ ወሰነ። ጥቁሩ ዜጋ ኖቬምበር ላይ ቢመርጥ ይህ ደንብ አይከለክለውም ነበር፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ምን ሊያመጣ! ሎኒ ስሚዝ የተባለ የሂዩስተን የጥርስ ሐኪም ይህን በፍርድ ቤት ተከራከረ። ከጠበቆቹ አንዱ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ተርጉድ ማርሻል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1944 በ8 ለ1 ድምፅ ክልከላውን ሻረው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት የእኛን ሰፈር ስለሚመስል ነው። በዘር መከልከሉን ማለቴ አይደለም፤ አንድ ፓርቲ ብቻ የሚያሸንፍበት ቦታ መሆኑን እንጂ። በሞንጎመሪ ካውንቲ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በፕሪንስ ጆርጅስም እንዲሁ የኖቬምበሩ ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ነው። እዚህ በር የሚዘጋብን የለም፤ የምንቀረው ራሳችን ነን። ዲሲና ሜሪላንድ በፓርቲው ያልተመዘገበን ሰው በፓርቲው ፕራይመሪ አያሳትፉም። መታወቂያ ወይም መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ለመራጭነት ስትመዘገቡ «ፓርቲ የለኝም» የሚለውን ምልክት ያደረጋችሁ ብዙ ናችሁ። ለምን እንዳደረጋችሁት ይገባኛል፤ በመጣንበት አገር ስማችን በፓርቲ መዝገብ ላይ መስፈሩ ሌላ ትርጉም ነበረው። እዚህ ግን መዋጮ የለበት፣ ስብሰባ የለበት፣ ግዴታ የለበት። ኖቬምበር ላይ የፈለጋችሁትን ፓርቲ ከመምረጥም አያግዳችሁም። ፓርቲ የለኝም ያለ የሜሪላንድ መራጭ በፕራይመሪ ቀን የሚሰጠው ወረቀት ላይ ከትምህርት ቦርድ በቀር ይህ ነው የሚባል ውድድር አያገኝም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ይህ አይነካችሁም፤ እዚያ በፓርቲ መመዝገብ ስለሌለ በዕለቱ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት መጠየቅ ነው።

ድምፄ አንድ ነው፣ ምን ይለውጣል ለሚል ሁለት ቁጥር አለኝ። በ2018 የሞንጎመሪ ካውንቲ ዋና አስተዳዳሪ ለመሆን 6 ዴሞክራቶች ተወዳደሩ። ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን በ77 ድምፅ በለጠ። በ2022 እነዚሁ ሁለት ሰዎች እንደገና ተገናኙ፤ ድጋሚ ቆጠራው ሲያበቃ ልዩነቱ 32 ድምፅ ሆነ። ካውንቲው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው። 32 ሰው ማለት ዛሬ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ረድፎች ናቸው።

እስካሁን ስለ ፕራይመሪ ክብደት ተናገርሁ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መመዘኛው ልለፍ።

የዘመቻ ወራት ሲደርስ ዕጩዎች ወደ እኛ ይመጣሉ። ለበዓል ወይም ለዝግጅት ስንሰበሰብ አንዱ ይገባል፤ አንገቱ ላይ ነጠላ ጣል ያደርጉለታል። «ሰላም፣ እንደምን ናችሁ» ይላል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል። እንጀራ በእጁ ቆርሶ ይበላል፤ ደፈር ያለ እንደሆነ እስክስታ ይሞክራል። ፎቶ ይነሣና ይሄዳል። መምጣቱ መልካም ነው፤ የማይመጣው የባሰ ነው። ግን ከዚያ ምሽት ስለ ሰውየው ያወቅነው ነገር ቢኖር ጥሩ አማካሪ እንዳለው ብቻ ነው። እቁብ ስንጀምር ዳኛ የምናደርገውን ሰው በጨዋታው አንመርጥም፤ ከዚህ በፊት የሰው ገንዘብ ይዞ ያውቃል ወይ፣ ሲይዝስ እንዴት ነበር ብለን እናጣራለን። ለካውንቲው በጀት ከዚያ ያነሰ ማጣራት የምናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከሰውየው በፊት ወንበሩን እንድታውቁ ነው። የካውንቲ ምክር ቤት የንብረት ግብር ይተምናል፣ መሬት ለምን ይዋል የሚለውን ይወስናል፣ በጀት ያጸድቃል፤ ከበጀቱም ግማሽ ያህሉ ወደ ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። የስቴቱ ምክር ቤት ሌላ ሥራ አለው። የዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ ደግሞ ስለ ቪዛ፣ ስለ ስደተኛ ሕግ፣ ስለ ውጭ ጉዳይ ይመክራል። ወንበሩ የማይሠራውን ሥራ ቃል የሚገባ ዕጩ ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ እኛ እንደማናውቀው ገምቷል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ጉዳይ ማንሣት ግድ ይላል። ለኢትዮጵያ ብሎ ድምፅ መስጠት ተገቢ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በኤፕሪል 2018 የኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ ስላለው የሰብአዊ መብት አያያዝ ቁጥር 128 የሚባለውን የውሳኔ ሐሳብ ሲያሳልፍ፣ ያ የሆነው በየወረዳቸው የእንደራሴዎቻቸውን ቢሮ ደጋግመው ባንኳኩ ኢትዮጵያውያን ድካም ጭምር ነው። የኮሎራዶው ሪፐብሊካን ማይክ ኮፍማን ለጉዳዩ አጥብቀው የቆሙት አውሮራ ላይ የሚኖረው ወገናችን መራጫቸው ስለነበር ነው። ያ ወንበር ውጭ ጉዳይን የሚነካ ወንበር ነበር፣ ጥያቄውም ለወንበሩ የሚመጥን ነበር። የማይገባኝ የካውንቲ አስተዳዳሪ የሚሆነውን ሰው ስለ ዐባይ ግድብ ጠይቀን በመልሱ ረክተን ስንመለስ ነው። ስለ ግድቡ ደስ የሚል ነገር መናገር ምንም አያስወጣውም። ስለ ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ፣ ስለ ንግድ ፈቃዱ፣ ስለ ኪራዩ ብንጠይቀው ኖሮ ግን ላብ ያጠምቀው ነበር።

ጥያቄው ዋጋ ይኑረው። «ተመጣጣኝ ቤት ለሁሉም ይገባል ብለው ያምናሉ?» ብትሉት «አዎን» ይላችኋል፤ ሰባቱም አራቱም ይሉታል። «በ2023 ሕጉ ሲቀርብ ከሰባቱ ጋር ይቆሙ ነበር ወይስ ከአራቱ ጋር? ለምን?» ብትሉት ግን ወይ ይመልሳል ወይ ይሸሻል፤ ሁለቱም ያስተምራችኋል። «ለዚህ ገንዘብ ከየትኛው ሥራ ይቀንሳሉ፣ ወይስ ግብር ይጨምራሉ?» የሚለውም እንዲሁ ነው። ወንበር ላይ ያለ ሰው ከሆነ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ የምክር ቤቱ ስብሰባዎች ተቀርጸው ይቀመጣሉ፣ ማን እጁን ለምን እንዳነሣ ይታያል። አዲስ ገቢ ከሆነ ደግሞ ዕጩ ከመሆኑ በፊት የት ነበር በሉ። ማንም ሳያየው በምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ የተናገረ፣ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ የለፋ ሰው በሥልጣን ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል።

«የእኛ ሰው» የሚለው ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከእኛ መካከል የሚወዳደር ሲገኝ ደስ ይለኛል። አሌክሳንደር አሰፋ በ2018 ለኔቫዳ ምክር ቤት ሲመረጥ የተሰማንን ኩራት አልረሳውም። ግን «እኛ» አንድ ጥቅም ያለን ሰዎች ነን ወይ? በዲሲ የሆነውን ተመልከቱ። በጁን 2018፣ በፕራይመሪው ዕለት፣ መራጩ ጉርሻ የሚቀበሉ ሠራተኞች ከአሠሪያቸው ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲያገኙ የሚያደርገውን ውሳኔ ቁጥር 77 አጸደቀ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የከተማው ምክር ቤት በ8 ለ5 ድምፅ ሻረው። በ2022 መራጩ ተመሳሳዩን ሐሳብ ቁጥር 82 ብሎ መልሶ አሳለፈ። አሁን የምግብ ቤቱን ባለቤትና ትሪ ይዛ የምታስተናግደውን እህታችንን አስቡ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፣ በአንድ ዕድር ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ዕጩ ሊኖራቸው አይችልም፣ እንዲኖራቸውም መጠየቅ የለብንም። ማኅበረሰቡን ወክዬ እገሌን እንደግፋለን የሚል ሰው ሲነሣ «ከየትኛው ወገን ሆነህ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ስለ ወረቀቱና ስለ ገንዘቡ በአጭሩ ልበል። በፕራይመሪ ሰሞን የፖስታ ሣጥናችሁ በሚያብረቀርቅ ካርድ ይሞላል፤ በምርጫው ዕለትም ጣቢያው በር ላይ የድምፅ መስጫ ናሙና የሚያድሉ ሰዎች ይቀበሏችኋል። በሞንጎመሪ የታወቀው የመምህራን ማኅበሩ በፖም ቅርጽ የሚያሳትመው ነው። ቅርጹን ያዩ ብዙዎች ከትምህርት ቤቱ ወይም ከምርጫ ቦርድ የወጣ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ የአንድ ሠራተኛ ማኅበር ድጋፍ ነው፤ ያንን አውቆ መጠቀም ደግሞ ምንም ነውር የለውም። እኔ ራሴ ስለማላውቀው ወንበር የማምናቸው ሰዎች ማንን እንደደገፉ አያለሁ። ገንዘብን በተመለከተ፣ ብዙ ያወጣ ሁሉ ያሸንፋል የሚለው ፍርሃት የተጋነነ ነው። በ2016 ሲልቨር ስፕሪንግን በሚነካው የ8ኛው ወረዳ የኮንግረስ ፕራይመሪ ዴቪድ ትሮን ከራሳቸው ኪስ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው በጄሚ ራስኪን ተሸነፉ። ገንዘቡ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ ዕጩው ካሸነፈ በኋላ የማንን ስልክ ቶሎ እንደሚያነሣ። የለጋሾች ዝርዝር ለስቴቱ የምርጫ ቦርድ ይቀርባል፣ ለማንም ክፍት ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጉዳይ። «ሰውየው ጥሩ ነው፣ ግን አያሸንፍም» የሚል ወሬ በየቡና ቤቱ ትሰማላችሁ። ይህ አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል። አንደኛው ኖቬምበር ላይ ሌላውን ፓርቲ ያሸንፋል ወይ የሚለው ነው። በሚያፎካክር ስቴት ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። በ2022 የሜሪላንድ ሪፐብሊካኖች ለአገረ ገዥነት ኬሊ ሹልዝን ትተው ዳን ኮክስን መረጡ። ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የኮክስን ስም በማስታወቂያ ያገነነው የተቃራኒው ወገን፣ የዴሞክራት አገረ ገዥዎች ማኅበር፣ ነበር፤ ለመሸነፍ የሚቀለው እሱ መሆኑን ቆጥረው። ኖቬምበር ላይ ዴሞክራቱ ዌስ ሙር በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ሪፐብሊካን ለሆናችሁ፣ ያንን ስሌት መሥራት የነበረበት የእናንተው ፕራይመሪ ነበር። ለካውንቲያችን ዴሞክራቶች ግን ይህ ጥያቄ ቦታ የለውም። ኖቬምበር አያሰጋችሁምና «ኖቬምበር ላይ ያሸንፋል» በሚል ብቻ ደካማውን ዕጩ የሚሸጥላችሁን አትስሙት።

ሁለተኛው ፕራይመሪውን ራሱን ያሸንፋል ወይ የሚለው ነው፤ ይህ ይከብዳል። ቀደም ብዬ ባነሣሁት የ2018 የካውንቲ አስተዳዳሪ ፕራይመሪ አሸናፊው ያገኘው ድምፅ ከመቶ 30 አልሞላም። ከስድስቱ አራተኛ ወይም አምስተኛ የሚሆነውን የመረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል በነበረው የ77 ድምፅ ትግል አልተሳተፈም ማለት ነው። ልቡን ተከትሏል፤ ወሳኙን ምርጫ ግን ለሌሎች ትቷል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለ አሸናፊነት ጨርሳችሁ አታስቡ። ያኔ ያሸንፋል የሚባለው ሰው በገንዘብ ወይም በስም የታወቀው ብቻ ነው፤ እናንተ በጊዜ ካልደገፋችሁት የሚሻለው ሰው የሚታወቅበት መንገድ የለም። የመጨረሻው ሳምንት ሲደርስ ግን፣ የታመነ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ዕጩያችሁን ከሩቅ ካስቀመጠው፣ ከፊተኞቹ ሁለት የሚሻላችሁን መምረጥ ክህደት አይደለም። ታኮማ ፓርክ ያላችሁ በከተማችሁ ምርጫ ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ ብላችሁ በደረጃ ስለምትመርጡ ከዚህ ጭንቀት ድናችኋል። የዲሲ መራጮችም በኖቬምበር 2024 ይህንኑ ዘዴ የሚያስገባውን ቁጥር 83ን አሳልፈዋል። የካውንቲው ፕራይመሪ ግን ገና በድሮው መንገድ ነው።

አንድ የማይታወቅ ነገር ላክል። የሞንጎመሪ ምክር ቤት አራት ወንበሮች በመላው ካውንቲ የሚመረጡ ናቸው፤ በ2018 ለእነዚያ አራት ወንበሮች ከ30 በላይ ዴሞክራቶች ተሰልፈው ነበር። ወረቀቱ «እስከ አራት ይምረጡ» ይላል፤ አራት የግድ አይደለም። በእርግጥ የምትደግፉት አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ቦታ ለመሙላት ያህል ለማታውቋቸው ሦስት ሰዎች የምትሰጡት ድምፅ የራሳችሁን ዕጩ ከአራተኛው ቦታ ገፍቶ ሊያስወጣው ይችላል። ሦስቱን ባዶ መተው ይፈቀዳል፤ ወረቀቱም አይበላሽም።

ዜግነት ያልወሰዳችሁም እዚህ ስላላችሁ ስለ እናንተ ሳልናገር አልወርድም። ግሪን ካርድ ይዞ ለኮንግረስ ወይም ለፕሬዚዳንት መምረጥ ወንጀል ነው፤ የዜግነት ተስፋችሁንም እዚህ ያለውን ኑሯችሁንም ሊያሳጣችሁ ይችላል። ማንም «ችግር የለውም» ቢላችሁ አትስሙት። ታኮማ ፓርክ በከተማው ምርጫ፣ ዲሲም በከተማ ደረጃ ላሉ ወንበሮች ዜጋ ላልሆነ ነዋሪ ፈቅደዋል፤ ያ በዚያው ብቻ ነው። ነገር ግን የግሪን ካርድ ባለቤት ለዕጩ ገንዘብ ማዋጣት በሕግ ይፈቀድለታል፤ በር እያንኳኳ መቀስቀስ፣ ስልክ መደወል፣ ለእናቶቻችን በአማርኛ ማስረዳትም ማንም አይከለክለውም። ልጆቻችሁም አሉ። በሜሪላንድ፣ በዲሲና በቨርጂኒያ ኖቬምበር ከመድረሱ በፊት 18 ዓመት የሚሞላው የ17 ዓመት ዜጋ በፕራይመሪው መምረጥ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ምርጫው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ነው፤ ቅጹ በአማርኛ እንዲብራራለት ለሚፈልግ፣ የሚረዱ ወጣቶች ዛሬ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል።